እስክንድርያ፤ በዱቄት የተነደፈች ከተማ

ታላቁ እስክንድር ግብፅን ከፋርሶች እጅ ከወሰደ በኋላ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት፥ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ ወረደ፤ በባሕሩና ማርዩት በሚባለው ሐይቅ መካከል የተዘረጋውን ጠባብ መሬት ባየ ጊዜም በስሙ የምትጠራ ከተማ በዚያ እንድትሠራ አዘዘ። የጥንት ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ መንገዱንና አደባባዩን፥ የቅጥሩንም ዙሪያ በመሬት ላይ ለመንደፍ ነጭ ነገር ስላልተገኘ፥ ወታደሮቹ ለስንቅ የያዙት የገብስ ዱቄት ተሰብስቦ መሥመሩ በዱቄት ተሰመረ። አባቶቻችን በሶ ቋጥረው ይዘምቱ እንደ ነበረ የመቄዶንያም ወታደር የገብስ ዱቄት ተሸክሞ ይሄድ ነበርና፥ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ፕሉታርክ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ፥ ከሐይቁና ከወንዙ ወገን ቍጥር የሌላቸው ልዩ ልዩ ወፎች እንደ ደመና ወርደው ዱቄቱን አንድም ሳያስቀሩ ለቅመው እንደ በሉት ይናገራል። እስክንድር ይህን አይቶ ደነገጠ፤ ነገር ፈቺዎቹ ግን ከተማይቱ ሀብቷ የተትረፈረፈ፥ ከየአገሩም ለሚመጣው ሕዝብ ሁሉ መጋቢ የምትሆን ናት ብለው ፈቱለት፤ ሥራውም ቀጠለ።

ይህ እውነት ይሁን ተረት መመርመሩ ለጊዜው አያስፈልገንም። ነገር ግን ፈቺዎቹ ሳይናገሩት ያለፉት አንድ ነገር አለ፤ ወፍ በልቶ ከጠገበ በኋላ ይበርራል። የእስክንድርያ ታሪክ፥ ከሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ዓመት በላይ፥ የመብላቱም የመብረሩም ታሪክ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የዚህች ከተማ ስም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በጆሯችን ያደገ ስም ነው። ፍሬምናጦስ ከአክሱም ተነሥቶ፥ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ ከተመለሰበት ከአራተኛው መቶ ዓመት አንሥቶ፥ ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ እስከ ተሾሙበት እስከ 1951 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ጳጳስ የሚመጣልን ከመንበረ ማርቆስ ነበር። ብሉይ ኪዳንም ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዚያች ከተማ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ከተተረጐመው፥ የሰባ ሊቃናት ትርጓሜ ከሚባለው መጽሐፍ ነው። በስድስተኛውም መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ እስከ አዱሊስ መጥቶ፥ በዚያ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክ ጽሑፍ በአክሱም ንጉሥ ትእዛዝ ገልብጦ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምናውቀው መንበሩን እንጂ ከተማይቱን አይደለም። መንበሩ እንኳ በ11ኛው መቶ ዓመት ወደ ካይሮ ተዛውሮ፥ በእስክንድርያ ስም መጠራቱ ብቻ ቀርቶለት ነበር። እስክንድርያ በተባለ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ቅዳሴውና የሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ነው እንጂ ዓሣ የሚጠበስበት የባሕር ዳር ሰፈር አይደለም።

ስለ ወጥ ቤትና ስለ ምግብ ቤት በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ማንሣት ክብር የጐደለው ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እስክንድርያን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ የሚያጋጥመው ነገር እንዲህ ነው፤ ስሟን ያስጠራው የመብራት ግንብ የለም፥ ታላቁ ቤተ መጻሕፍት የለም፥ የመሥራቿ የእስክንድር መቃብር እንኳ የት እንደ ሆነ አይታወቅም። ድንጋዩን የመሬት መናወጥ ጥሎታል፤ የቀረውንም ባሕሩ ውጦታል። በድስትና በገበታ የተላለፈው ግን አልፈረሰም።

ከሁሉ አስቀድሞ የቦታውን አቀማመጥ ማስተዋል ይገባል። ከዳርቻው ፊት ለፊት ፋሮስ የምትባል ደሴት ነበረች። ደሴቲቱንና የብሱን ለማገናኘት ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው የድንጋይ ድልድይ ተሠራ፤ ድልድዩም ባሕሩን ከፍሎ ምሥራቃዊና ምዕራባዊ የተባሉ ሁለት ወደቦች አስገኘ። በዘመናት ብዛት ማዕበሉ አሸዋ እያመጣ በግራና በቀኝ ስለ ደለደለበት ድልድዩ ሰፍቶ ምድር ሆነ፤ ዛሬ ገበያውና የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር የሚገኙት በዚህ ባሕር በሰጠው መሬት ላይ ነው። በደሴቲቱ ጫፍ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት ገደማ የተፈጸመው የመብራት ግንብ ቁመቱ ከ100 ሜትር ያላነሰ ነበረ። ኢጣልያኖች ፋሮ፥ ፈረንሳዮችም ፋር እያሉ የመርከብ መሪ መብራትን የሚጠሩት በዚህች ደሴት ስም ነው።

ግንቡ ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በላይ ከቆመ በኋላ በመሬት መናወጥ ፈረሰ። ኢብን ባጡጣ የተባለው የሞሮኮ ተወላጅ መንገደኛ በ1326 በደረሰ ጊዜ አንዱ ወገን ፈርሶ አገኘው፤ ቢሆንም ወደ ውስጥ ገብቶ ለማየት ችሎ ነበር። በ1349 ሲመለስ ግን ደጃፉ እንኳ የማይገባበት ፍርስራሽ ሆኖ ቆየው። አንድ ሰው በዕድሜው ውስጥ ሁለት ጊዜ አልፎ የዓለምን አንድ ድንቅ ሥራ ሲሞት ማየቱ ምንኛ የሚያስደንቅ ነው! በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ በዚያው ስፍራ ምሽግ አሠራ፤ ከግንቡም ድንጋይ የተወሰደለት አለ። ዛሬ መንገደኛው የሚያየው ይህን ምሽግ ነው። በ1994 ከምሽጉ ሥር ባሕሩ ውስጥ የጠለቁ የጥንት ታሪክ መርማሪዎች ታላላቅ የተጠረበ ድንጋይና ምስል በብዛት አግኝተዋል። ከምሽጉ ግድግዳ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ግን የሚታየው አረንጓዴ ውሃና መቃጥን ይዞ የሚጠብቅ ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነው።

ከተማይቱ የሕዝብ መጋቢ መሆኗ በሮማውያን ዘመን በተለይ ተገለጠ። የአባይ ሸለቆ ስንዴ በእስክንድርያ ወደብ እየተጫነ ሮምን ይቀልብ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረባት፥ ማዕበልም ያገኛት መርከብ የእስክንድርያ መርከብ እንደ ነበረች፥ ለማቅለልም ስንዴው ወደ ባሕር እንደ ተጣለ በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ ያነበበ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዛሬ በከተማው ውስጥ በስህተት የፖምፔ ዐምድ እየተባለ የሚጠራው፥ ከአስዋን በመጣ ቀይ ድንጋይ የተሠራው ታላቅ ዐምድ እንኳ በ298 ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለዲዮቅልጥያኖስ የቆመ ነው፤ ከተማይቱን ከብቦ ካስራበ በኋላ ለሕዝቡ እህል ስለ ሰጠ የተደረገለት ምስጋና ነው ይባላል። ዘመነ ሰማዕታትን በስሙ የምንቈጥርበትን ይህን ንጉሥ በአድናቆት ማየት ለእኛ ያስቸግረናል፤ ስለዚህ ከዐምዱ ሥር ብዙ ሳንቆይ እንለፍ።

ከዐምዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ኮም አልሹቃፋ የሚባለው ከምድር በታች የተፈለፈለ መቃብር ይገኛል። በ1900 አንድ አህያ መሬቱ ከድቶት ጕድጓድ ውስጥ በመውደቁ የታወቀ ሲሆን፥ ሥራው በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጀመረ ነው። በጠመዝማዛ ደረጃ ሲወርዱ የግብፅ አማልክት በሮማውያን አለባበስ፥ አኑቢስ የተባለውም የውሻ ፊት ያለው አምላክ የሮም ወታደር ጥሩር ለብሶ ተቀርጾ ይታያል። ሙታኑ በግብፅ ልማድ ተገንዘው፥ በግሪክ ጌጥ አጊጠው፥ ለሮም ቄሣር እየገበሩ የኖሩ የእስክንድርያ ሰዎች ነበሩ። ይህን ጸሐፊ ከሁሉ ይልቅ ያቆመው ግን ሌላ ነው። ከመቃብሩ አጠገብ ሦስት የድንጋይ መደቦች በሦስት ማዕዘን የተነጠፉለት አንድ ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ዘመዶች በመታሰቢያው ቀን ምግብና ወይን ጠጅ ይዘው ወርደው፥ በመደቦቹ ላይ ጋደም ብለው የሚበሉበት የግብር ቤት ነው። ስፍራው ኮም አልሹቃፋ፥ ማለት የገል ክምር፥ የተባለውም ሙታንን ሊጐበኙ የመጡት ሰዎች የተበላበትን ሸክላ ወደ ቤት መልሶ መውሰድ ስለማይወዱ በዚያው እየሰበሩ ይተዉት ስለ ነበረ ነው ይባላል። የአርባና የሰማንያ፥ የሙት ዓመትም ተዝካር የሚያወጣ ኢትዮጵያዊ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲቆም አስጐብኚ አያስፈልገውም። ሃይማኖቱ ሌላ፥ ዘመኑም ሌላ ሲሆን፥ ለሞተው ሰው ስም እንጀራ መቍረስ ምን ማለት እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል።

በ642 ዓረቦች ከተማይቱን ያዙ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ወደ ውስጥ፥ ዛሬ ካይሮ ወዳለችበት አካባቢ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስክንድርያ የንግድ ደጃፍ ሆና ብዙ ዘመን ኖረች። ከህንድ በቀይ ባሕር የመጣው ቍንዶ በርበሬና ቅመም በዚህ ወደብ ለቬኔዝያ ነጋዴዎች ይሸጥ ነበር፤ እነርሱም በከተማው ውስጥ የራሳቸው ማደሪያና መጋዘን ነበራቸው። እነዚሁ ቬኔዝያውያን በ828 የቅዱስ ማርቆስን ዐፅም ሰርቀው መውሰዳቸው ሲታሰብ፥ ለቍንዶ በርበሬ የተከፈተ በር ለሌላም ነገር እንደሚያገለግል ይታያል። ፖርቱጋሎች አፍሪካን ዞረው ህንድ ከደረሱ በኋላ ግን የቅመሙ መንገድ እየተለወጠ ሄደ፤ ናፖሊዮን በ1798 ጦሩን ባወረደ ጊዜ ያገኛት እስክንድርያ ጥቂት ሺሕ ሰው ብቻ የሚኖርባት ደካማ ከተማ ነበረች።

ዳግመኛ ያስነሣት መሐመድ ዓሊ ፓሻ ነው። በ1820 የተፈጸመው የማሕሙዲያ ቦይ የአባይን ውሃ ወደ ከተማው አመጣ፤ ጀልባዎችም ከውስጥ አገር እስከ ባሕሩ ድረስ ጭነት ማመላለስ ቻሉ። ሥራው በግዴታ ከየመንደሩ በተነዱ ገበሬዎች የተሠራ ሲሆን፥ በቍፋሮው ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች ሞተዋል። ኋላም ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የአሜሪካ ጥጥ ከገበያ ስለ ጠፋ የግብፅ ጥጥ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ፤ ወፎቹም እንደ ገና ወረዱ። ግሪክ፥ ኢጣልያን፥ ሶርያዊ፥ አርመን፥ አይሁድ፥ ማልታ፥ ሁሉም በየቋንቋው ሱቅና ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1863 የራምሌ ባቡር ሥራ ጀመረ። በሐምሌ 1882 የእንግሊዝ መርከቦች ከተማይቱን በመድፍ ቢደበድቡትና ብዙው ቢቃጠልም ከበፊቱ አምሮ ተሠራ። በወደቡ ዙሪያ ያሉት ቡና ቤቶችና የጣፋጭ ቤቶች ያን ጊዜ ስም አወጡ፤ ለምሳሌ ያህል ዴሊስ የተባለው የግሪኮች ጣፋጭ ቤት በ1922 ተከፈተ፤ ሴሲል የተባለውም ሆቴል በ1929።

በዚህ ዘመን ከኖሩት እስክንድርያውያን መካከል ለመንግሥት ሠራተኛ ልዩ ፍቅር የሚያሳድርበት አንድ ሰው አለ። ኮንስታንቲን ካቫፊ በ1863 በዚያው ተወልዶ፥ በ1933 በዚያው የሞተ የግሪክ ባለቅኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በመስኖ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ደብዳቤ ሲያረቅቅና ሲያመሳክር ኖረ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስለ ጥንቷ እስክንድርያ፥ ስለ ወደቁት ነገሥታትና ስለ ተረሱት ወጣቶች ቅኔ ይጽፍ ነበር። መኖሪያ ቤቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። የጽሕፈት ጠረጴዛውን ያየ ሰው፥ ከመዝገብ ቤት ሥራ በኋላ በሚተርፈው ሰዓት ምን ያህል ሊሠራ እንደሚቻል ራሱን ሳይጠይቅ አይወጣም።

ያን ዘመን እያመሰገኑና እያለቀሱለት አውሮፓውያን የጻፉት መጽሐፍ ብዙ ነው። እኔ ግን ልቅሶውን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል አይሆንልኝም። በቡና ቤቱ መስተዋት ፊት ተቀምጦ በአምስት ቋንቋ የሚያወራው ሰው ነበረ፤ ምናት አልበሰል በሚባለው የጥጥ መጋዘን ሰፈር የጥጥ እስር በጀርባው ሲሸከም ውሎ ከጋሪ ላይ ፉል ገዝቶ ቆሞ የሚበላው ግብፃዊም ነበረ። የውጭ አገር ሰዎች ክርክር እስከ 1949 ድረስ በድብልቅ ፍርድ ቤቶች ይታይ እንደ ነበረ ሲታወስ፥ ገበታው ለሁሉ እኩል የተዘረጋ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል የተነሣ የውጭ አገር ሰዎች በልዩ ፍርድ ቤት ሲዳኙ ያየን እኛም የነገሩን መራራነት እናውቀዋለን።

በሐምሌ 26 ቀን 1952 ንጉሥ ፋሩቅ ራስ አልቲን ከተባለው የባሕር ዳር ቤተ መንግሥት ዙፋኑን ለቅቆ በመርከብ ወደ ኢጣልያ ሄደ። ልክ በአራተኛው ዓመት በዚያው ቀን ጋማል ዐብደል ናስር በመንሺያ አደባባይ ቆሞ የስዊዝ ቦይ የግብፅ ሀብት መሆኑን አወጀ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች፥ ፈረንሳዮችና ብዙዎቹ አይሁድ ወጡ፤ በ1961 የንግድ ቤቱና ፋብሪካው በመንግሥት ሲወረስ ግሪኮችና ሶርያውያን ተከተሉ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት በወደቡ ላይ ሻንጣ ይዘው ከተሰለፉት መካከል አያቶቻቸው በከተማው የተቀበሩ፥ ሌላ አገር አይተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩባቸው። ግብፃዊው በገዛ አገሩ ባለቤት መሆኑ የሚገባ ነገር ነው፤ የዳቦ ጋጋሪው የግሪክ ልጅ ወደማያውቀው አቴና መሰደዱም የሚያሳዝን ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ሁለቱን አስታርቄ አንድ ፍርድ ለመስጠት አልቻልሁም።

አሁን ወደ ገበታው እንሂድ። ጧት የሚበላው ፉል ነው፤ ባቄላው በአንገተ ጠባብ ማሰሮ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲበስል አድሮ፥ በእስክንድርያ ልማድ ከቲማቲም፥ ከሽንኵርት፥ ከቃርያና ከሎሚ ጋር ይደባለቃል። በአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶች ፉል ለሚበላ ሰው ዘመዱን እንደ ማግኘት ነው። በ1957 የተከፈተው መሐመድ አሕመድ የተባለው ምግብ ቤት በዚህ የታወቀ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች ሲወጡ የከተማው ሰው የራሱን የዕለት ምግብ በጠረጴዛ ማቅረብ በጀመረበት ጊዜ መከፈቱን ልብ ይሏል። ጉበቱም የሚረሳ አይደለም፤ በቀጭኑ ተከትፎ፥ በነጭ ሽንኵርት፥ በቃርያና በከሙን ተጠብሶ በዳቦ ውስጥ ይሰጣል። ዱለት የሚወድ ሰው አንዱን በልቶ አይበቃውም።

ዓሣውን ለመብላት ወደ አንፉሺና ወደ ባሕሪ ሰፈር መሄድ ያስፈልጋል፤ ከእንደሉስ የመጣው የአቡል ዓባስ አልሙርሲ መስጊድ በሚታይበት፥ ጀልባም በእንጨት በሚሠራበት ወገን ማለት ነው። በምግብ ቤቱ ደጃፍ ዓሣው በበረዶ ላይ ተዘርግቶ ይቈያል፤ እንግዳው ራሱ መርጦ፥ አስመዝኖ፥ እንዴት እንዲሠራለት ያዝዛል። በስንዴ ገለባ ተለውሶ በፍም የሚጠበስ አለ፤ ከጀርባው ተሰንጥቆ በቲማቲም፥ በቃርያና በነጭ ሽንኵርት ተሞልቶ የሚጋገር አለ፤ ሽንኵርቱ እስኪጠቍር ከተጠበሰ በኋላ ሩዝ ተጨምሮበት ሰያዲያ፥ ማለት የአጥማጆች ምግብ፥ ተብሎ የሚቀርብ አለ። የግብፅ ክርስቲያኖች በአንዳንድ አጽዋማት ዓሣ ይበላሉ፤ በእኛ ዘንድ ክርክሩ ገና አላለቀምና ከኢትዮጵያ የሚሄድ ጾመኛ ከመቀመጡ በፊት ከኅሊናው ጋር ቢማከር ይሻላል።

ለጆሮው ትኵረት የሚሰጥ ሰው ግን በዚህ ስፍራ ሌላም ነገር ያገኛል። አሻሻጩ ሸርጣኑን ካቦርያ ይለዋል፤ ቃሉ የግሪክ ነው። ባለብዙ እግሩን ትንሽ የባሕር ፍጥረት ጋምበሪ ይለዋል፤ ይህም የኢጣልያ ነው። ቀዩን ዓሣ ባርቡኒ፥ ከዓሣው በፊት የሚበላውንም መኰሮኒ መከሮና ይላል። ሰዎቹ በመርከብ ከሄዱ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ በሚዛኑ ላይ ግን ስማቸው በየቀኑ ይጠራል፤ የሚጠራውም ግሪክ ወይም ኢጣልያን አይቶ የማያውቅ፥ ምናልባትም አባቱ ጥጥ ተሸካሚ የነበረ ልጅ ነው። ዓሣው የሚቀርብበትን ገበታ ደግሞ ግብፆች ተራቤዛ ይሉታል፤ ትራፔዛ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እኛም በአማርኛ ጠረጴዛ የምንለው ይህንኑ ቃል ነው።

በ2002 ጥንታዊው ቤተ መጻሕፍት ነበረ በሚባልበት አካባቢ፥ ከባሕሩ እንደሚወጣ የፀሐይ ክበብ ያዘነበለ ጣራ ያለው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። ተማሪዎች ሲመሽ ከዚያ እየወጡ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ባለው የድንጋይ አጥር ላይ በተርታ ይቀመጣሉ፤ ሻጩም የተጠበሰ በቆሎ በወረቀት እየጠቀለለ ያቀርብላቸዋል። ወደ አንፉሺ ዓሣ ገበያ የሚሄድ መንገደኛ ግን ማታ ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ መሄድ አለበት፤ ጀልባዎቹ ሌሊት የያዙትን ይዘው የሚገቡት ያን ጊዜ ነውና፥ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚያገኘው ቅርፊትና የፈሰሰ በረዶ ነው።